በቤት ያለውን የሊኑክስ ኮምፒዩተር ከሩቅ ሆኖ ስለ መክፈት

ለነጋዴ መዝገቡ የንብረቱ መስተዋት ነው። በመጋዘን ያለው እህል ስንት ኩንታል እንደ ሆነ፣ ለማን በዱቤ እንደ ተሰጠ፣ ከማን ቀብድ እንደ ተወሰደ የሚታወቀው ከመዝገቡ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከመዝገቡ በራቀ ጊዜ ዋጋ ለመቍረጥም ሆነ ውል ለመፈራረም እጁ የታሰረ ያህል ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል በአርሲ ደጋ፣ በዲክሲስ፣ ስንዴና ገብስ የሚነግድ አንድ ሰው አለ ይባል። ይህ ሰው ከገበሬው የገዛውን እህል በዲክሲስ መጋዘን ያከማቻል፤ ገዢ ለመፈለግ ግን ወደ አሰላና ወደ አዳማ፣ አልፎም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የሒሳቡ መዝገብ የሚገኘው በቤቱ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። አዳማ ላይ ገዢው «በእጅዎ ያለው ስንት ኩንታል ነው?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ ነጋዴው ወደ ቤቱ ስልክ ይደውልና ልጁ መዝገቡን እንዲያነብለት ያደርጋል። ልጁ ረድፍ ስቶ 108 የሚለውን 180 ብሎ ቢያነብ፣ አባቱ የሌለውን 72 ኩንታል ሸጦ ሊፈርም ይችላል።

ይህን የመሰለውን ችግር የሚያስወግድ ዘዴ አለ። በቤት ያለውን ኮምፒዩተር ከሌላ ከተማ ሆኖ በላፕቶፕ ወይም በእጅ ስልክ ከፍቶ፣ ፊት ለፊቱ እንደ ተቀመጡ ያህል መሥራት ይቻላል። ዘዴው ብዙ ወጪ የማይጠይቅና በጥቂት ቀናት ልምምድ የሚለመድ ነው። ነገር ግን ያለ ጥንቃቄ ከተሠራ ለባለቤቱ የተከፈተው በር ለሌባም የተከፈተ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ሥራ በሩን መክፈቱ ብቻ አይደለም፤ በሩ አንድ ብቻ እንዲሆንና ቁልፉም በባለቤቱ እጅ እንዲቀር ማድረጉ ነው።

ነገሩ ምንድር ነው?

ከሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተርን መክፈት በእንግሊዝኛው አጠራር ሪሞት ዴስክቶፕ ይባላል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ መዝገቡን የሚከፍተው፣ የሚደምረውና የሚያስቀምጠው የቤቱ ኮምፒዩተር ነው። በመስመሩ ላይ የሚተላለፈው የስክሪኑ ሥዕል ሲሆን፣ ከነጋዴው በኩል ደግሞ የኪቦርዱና የማውሱ ትእዛዝ ይመለሳል። እንግዲህ ነጋዴው አዳማ ተቀምጦ መዝገቡን ቢያይና ቢያርመው፣ መዝገቡ ራሱ ከዲክሲስ አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው።

ይህ አሠራር በሁለት ምክንያት ለነጋዴ ይስማማል። በመጀመሪያ፣ መዝገቡን በፍላሽ ገልብጦ ይዞ የሚዞር ሰው ሁለት መዝገብ ይኖረዋል። በቤት ያለው ሠራተኛ አንዱን፣ በመንገድ ያለው ባለቤት ሌላውን ሲጽፉ ከሳምንት በኋላ ትክክለኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን፣ በኤሌክትሮኒክ መልክ የተያዙትን ጭምር፣ በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲይዝ ደንግጓል። በቤት የተቀመጠ መዝገብ ባለቤቱ የትም ሆኖ ቢያየው በአገር ውስጥ እንዳለ ነው።

ለዚህ ሥራ የታወቁት ቋንቋዎች ሁለት ናቸው። አንዱ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ፣ በኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ የተፈለሰፈው ቪ.ኤን.ሲ. ነው። ሌላው የማይክሮሶፍት ኩባንያ ያወጣው አር.ዲ.ፒ. ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1998 በይፋ ወጥተዋል። ዛሬ ሊኑክስ በሁለቱም ይሠራል፤ በኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ግን አር.ዲ.ፒ. ነው።

ሊኑክስ የተመረጠበት ምክንያት

ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዛሬ የዓለም ኢንተርኔት ሰርቨሮች አብዛኛዎቹ የሚሠሩበት ሲሆን ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። በተለይም ዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም የማይችል አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ባለሱቅ መኪናውን ሳይጥል ሊኑክስ ሊጭንበት ይችላል። ለንግድ ሥራ ተስማሚ የሚሆነው «ኤል.ቲ.ኤስ.» የተባለው የኡቡንቱ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ለአምስት ዓመት የደኅንነት እድሳት የሚሰጠው ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው በኡቡንቱ 24.04 ላይ የሚሠራ ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ዝግጅት

አንደኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን ማደስ ያስፈልጋል። ተጠራቅሞ የቆየው እድሳት ሁሉ ይጫን፤ ቀጥሎም ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሣ።

ሁለተኛ፤ «ሴቲንግስ» የተባለው ተከፍቶ፣ «ሲስተም» ከሚለው ሥር «ሪሞት ዴስክቶፕ» ይመረጣል። በዚያ ሁለት ምርጫ ይታያል። «ዴስክቶፕ ሼሪንግ» የተባለው፣ አንድ ሰው በቤት ሆኖ አስቀድሞ የከፈተውን ስክሪን ለሩቁ ሰው ያሳያል። «ሪሞት ሎግኢን» የተባለው ግን በቤት ማንም ሳይከፍተው ከመግቢያው ገጽ ጀምሮ ከሩቅ ለመግባት ያስችላል። መብራት በሚጠፋበትና በሚመጣበት ቤት የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም በመጀመሪያው ምርጫ የመገናኛው የይለፍ ቃል የሚቀመጠው በተጠቃሚው የቁልፍ ሣጥን ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ያለ ይለፍ ቃል በራሱ እንዲገባ ቢደረግ እንኳ ሣጥኑ እንደ ተቈለፈ ስለሚቀር፣ ሩቅ ያለው ባለቤት ውጭ ይቀራል።

ሦስተኛ፤ ለሪሞት ሎግኢን የተለየ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። ይህ ቃል ኮምፒዩተሩን በቤት ለመክፈት ከሚያገለግለው ቃል የተለየ ይሁን። ከሩቅ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ይህን የመገናኛ ቃል፣ ቀጥሎ የራሱን የመግቢያ ቃል ይጠየቃል፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ከሆኑ ግን ሁለተኛው መቈለፊያ ከንቱ ነው። ነጋዴው ለጕዞ ከመነሣቱ በፊት በቤት የከፈተውን ሥራ ዘግቶ መውጣት እንዳለበትም አይዘነጋ፤ ያው ሰው በቤትም በሩቅም በአንድ ጊዜ ሊገባ ቢሞክር ሁለቱ ይጋጫሉ።

አራተኛ፤ «ፓወር» ከተባለው ክፍል ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲፈታ በራሱ እንዲያንቀላፋ የሚያደርገው ትእዛዝ ይሰረዝ። ስክሪኑ ቢጠፋ ጉዳት የለውም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ካንቀላፋ ግን ከአዳማ የሚቀሰቅሰው የለም።

አምስተኛ፤ የቤቱ ራውተር ለዚህ ኮምፒዩተር ዘወትር አንድ ዓይነት የውስጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20፣ እንዲሰጠው ይደረግ። አድራሻው በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ የዛሬው ቅንጅት ለነገ አይሠራም።

ስድስተኛ፤ በዚያው ቤት፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ሌላ ላፕቶፕ ይሞከር። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ለዚህ የተዘጋጀው ፕሮግራም አብሮት ይመጣል፤ በሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ረሚና የተባለው ፕሮግራም ይህን ሥራ ይሠራል። በቤት ውስጥ እንቢ ያለ ነገር በመንገድ ላይ እሺ አይልምና፣ ይህ ሙከራ ሳይሳካ ወደሚቀጥለው ሥራ መሻገር አይገባም።

ስለ በሩና ስለ ቁልፉ

እስከዚህ ድረስ የተሠራው በቤት ውስጥ ብቻ ነው። ከቤት ውጭ ሆኖ መግባት ሲፈለግ ጥንቃቄው ይጀምራል። በኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒዩተር ፖርት የተባሉ ቁጥር ያላቸው በሮች አሉት፤ አር.ዲ.ፒ. በ3389፣ ቪ.ኤን.ሲ. በ5900 ይታወቃል። ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት በራውተሩ ላይ እነዚህን ቁጥሮች በቀጥታ ለውጭው ዓለም መክፈት ነው። በኢንተርኔት ላይ ሌትና ቀን እየዞሩ የተከፈቱ በሮችን የሚቈጥሩና የይለፍ ቃል የሚገምቱ መኪናዎች ስላሉ፣ ዲክሲስ ሩቅ ነው ብሎ መጽናናት አይቻልም፤ ለእነዚህ መኪናዎች ሩቅ የሚባል አገር የለም። ቁጥሩን ለውጦ ሌላ ቁጥር መስጠትም የሱቅን በር ከፊት ወደ ጓሮ እንደ ማዞር ነው፤ የሚፈልግ ሰው ዞሮ ያገኘዋል።

አደጋው በግምት የተባለ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ማይክሮሶፍት በአሮጌ ዊንዶውሶች የሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎት ላይ፣ የይለፍ ቃል ሳያስፈልግ መግባት የሚያስችል «ብሉኪፕ» የተባለ ቀዳዳ መገኘቱን አስታውቆ፣ ድጋፉ ካበቃ ብዙ ዓመት ለሆነው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አወጣ። ቀዳዳው የሊኑክስ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። በሩን ለዓለም የከፈተ ሰው ደኅንነቱ የሚወሰነው በራሱ ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን በፕሮግራሙ ሠሪዎች ስሕተትም ጭምር ነው። ገብቶ የተገኘ ሌባም መዝገቡን ሰርቆ አይሄድም፤ በማይፈታ ምስጢር ቈልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቃል። የዱቤ መዝገቡ የተቈለፈበት ነጋዴ ዕዳ ያለበትን ሰው ማስታወስ ቢችል እንኳ የገንዘቡን ልክ ማስረዳት አይችልም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ኤስ.ኤስ.ኤች. ይባላል። ይህን ዘዴ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1995 ታቱ ኡሎነን የተባለ የፊንላንድ ተመራማሪ ሲሆን፣ ምክንያቱም በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ ሰርጎ ገብ የሰዎችን የይለፍ ቃል እየጠለፈ ስለ ወሰደ ነው። ኤስ.ኤስ.ኤች. በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል በመንገድ ላይ ያለ ሰው ሊያነበው የማይችል ሽፍን መተላለፊያ ይሠራል፤ ሪሞት ዴስክቶፑም በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋል። የላፕቶፑ ባለቤት በራሱ ላፕቶፕ ላይ አንድ በር፣ ለምሳሌ 13389፣ ይከፍትና ወደዚያ የገባው ሁሉ በቤቱ ኮምፒዩተር 3389 ላይ እንዲወጣ ያዛል። ስለዚህ 3389 ለውጭው ዓለም ሳይከፈት ለባለቤቱ ብቻ ክፍት ይሆናል።

መግቢያውም በቃል ሳይሆን በቁልፍ ቢሆን ይመረጣል። በላፕቶፑ ላይ ሁለት ተዛማጅ ቁልፎች ይሠራሉ። አንዱ ይፋዊ ቁልፍ ይባላል፤ ይህ በቤቱ ኮምፒዩተር በር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ጓጕንቸር ነው፤ ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም። ሁለተኛው የግል ቁልፍ ነው፤ ይህ ከላፕቶፑ አይወጣም፤ በኢሜይልም ሆነ በቴሌግራም አይላክም፤ ራሱም በይለፍ ቃል ይጠበቃል። ቁልፉ መሥራቱ በሁለት ሦስት ሙከራ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ በይለፍ ቃል ብቻ መግባት እንዲከለከል ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ የይለፍ ቃል የሚገምቱት መኪናዎች ዓመት ቢያንኳኩ ከንቱ ድካም ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፤ ቁልፉን ሳይሞክር የይለፍ ቃሉን የዘጋ ሰው ራሱን በውጭ ቈልፏል።

ነጋዴው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሌላ ነገር ያድርግ። የቤቱ ኮምፒዩተር «የጣት አሻራ» የተባለ የፊደልና የቁጥር ተርታ አለው። ይህን በወረቀት ገልብጦ በኪሱ ይያዝ። ከሩቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኝ ላፕቶፑ አሻራውን ያሳይና «ትቀበለዋለህን?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሳያነብ አዎን ይላል። ነገር ግን በደብዳቤ ላይ ያለውን ማኅተም ሳያይ ገንዘብ የሚከፍል ነጋዴ የለምና፣ ይህንንም ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ይገባል። ካልተመሳሰለ በመካከል የገባ አለ ወይም ኮምፒዩተሩ ሌላ ነው ማለት ነው።

አድራሻ ስለ ማግኘት

ቁልፉ ቢኖርም በሩ የት እንዳለ ካልታወቀ አይጠቅምም። የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ ጠቅላላ ብዛቱ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለ ሆነ ለዓለም ሕዝብ አልበቃም። ስለዚህ የቴሌኮም ድርጅቶች፣ በተለይም በሞባይል መስመር፣ ለብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ በጋራ ይሰጣሉ። በጋራ አድራሻ ሥር ያለ ቤት ወደ ውጭ መጥራት ይችላል፤ ከውጭ ግን አይጠራም።

ይህን ለማወቅ፣ በራውተሩ ገጽ ላይ የተጻፈው የውጭ አድራሻ በኢንተርኔት ላይ ከሚታየው አድራሻ ጋር ይመሳከር። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ወይም የራውተሩ አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ አድራሻው የጋራ ነው። አድራሻው የግል ከሆነ በራውተሩ ላይ የኤስ.ኤስ.ኤች.ን በር፣ ማለትም 22ን ብቻ፣ ወደ ቤቱ ኮምፒዩተር መምራት ይበቃል። ቋሚ የውጭ አድራሻ የሚፈልግም ድርጅቱን ጠይቆ በክፍያ ማግኘት ይቻል እንደ ሆነ ይረዳል።

አድራሻው የጋራ በሆነ ጊዜ ሌላ መንገድ አለ። በቀድሞ ዘመን በስልክ ቤት የተቀመጠች ስልከኛ ሁለቱን ደዋዮች ታገናኝ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ዛሬም ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ወደ አንድ መካከለኛ ሰርቨር ይደውሉና በዚያ ይገናኛሉ። ለዚህ የሚያገለግለው ዋየርጋርድ የተባለው ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከሊኑክስ እምብርት ጋር ተዋሕዷል። የቤቱ ኮምፒዩተር በየ25 ሴኮንዱ አጭር ምልክት እንዲልክ ከታዘዘ መስመሩ ሳይዘጋ ይቈያል። ነጋዴው አነስተኛ ሰርቨር ተከራይቶ ይህን በራሱ ሊያቋቁም ይችላል፤ ኪራዩ ከውጭ አገር ከሆነ ግን ክፍያው የውጭ ምንዛሪ እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ያስብ። በዋየርጋርድ ላይ የተመሠረተ ቴይልስኬል የተባለ አገልግሎትም ሥራውን ያቀልላል፤ ለግል ጥቅም ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን የግል ቁልፎቹ ከባለቤቱ መሣሪያዎች አይወጡም። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የቤቱ ኮምፒዩተር የእሳት ግንብ፣ ማለትም ፋየርዎል፣ 3389ን በዚህ የግል መስመር ለሚመጣ ብቻ እንዲፈቅድ ይታዘዝ። በኡቡንቱ ላይ ፋየርዎሉ ተዘግቶ ስለሚመጣ ማስነሣቱ የባለቤቱ ሥራ ነው።

መብራት፣ መስመርና የቤት ሰው

በመብራት መጥፋት ምክንያት ከሩቅ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ለዚህ ሁለት ነገር ይደረጋል። ኮምፒዩተሩንና ራውተሩን አብሮ የሚይዝ ዩ.ፒ.ኤስ. ይገዛል፤ የኮምፒዩተሩ ባዮስም መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ ይታዘዛል። ራውተሩ ከተረሳ ኮምፒዩተሩ ብቻውን በርቶ መቈየቱ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ነጋዴው አንድ ነገር መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ዲስኩ በሙሉ በምስጢር የተቈለፈ እንደ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩን ከቤት የሰረቀ ሌባ መዝገቡን ሊያነብ አይችልም። ነገር ግን በተለመደው አሠራር ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቍጥር አንድ ሰው በፊቱ ቆሞ የዲስኩን ቃል መጻፍ አለበት። በቤት የታመነ ሰው፣ የትዳር ጓደኛ ወይም የደረሰ ልጅ፣ ካለ ዲስኩን ቈልፎ ቃሉን ለዚያ ሰው መስጠት ይሻላል። ቤቱ ዘወትር ባዶ ከሆነ ግን የመዝገቡን ክፍል ብቻ መቈለፍና ከሩቅ ከገቡ በኋላ መክፈት ይቻላል። የትኛውም ይመረጥ፣ ነጋዴው ተራራ ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ሳይሆን ከመሄዱ በፊት ይወሰን።

መስመሩ ደካማ በሆነ ቀን የስክሪኑ ሥዕል ይንቀረፈፋል። ያን ጊዜ የቀለሙን ጥራትና የስክሪኑን ስፋት መቀነስ ይረዳል። ከአንድ ሰነድ በስተቀር ሌላ የማያስፈልግ ከሆነ፣ ሥዕሉን ትቶ በኤስ.ኤስ.ኤች. ያን ሰነድ ብቻ ማምጣት የዳታ ወጪን ይቈጥባል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የግእዝ ፊደል ማስገቢያው በአንደኛው ኮምፒዩተር ብቻ ይከፈት፤ በሁለቱም ከተከፈተ ፊደሉ ሁለት ጊዜ እየተለወጠ ጽሑፉ ይበላሻል።

መስመሩ ከነጭራሹ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት መቋረጡ ይታወሳል። ስለዚህ የሩቅ መግቢያ የወረቀትን ቦታ ፈጽሞ አይተካም። በሳምንት አንድ ቀን የዱቤውና የክምችቱ ጠቅላላ ዝርዝር ታትሞ በካዝና ይቀመጥ፤ የመዝገቡም ቅጂ ከኮምፒዩተሩ በተለየ ዲስክ ላይ ይያዝ። ከሩቅ መግባት ማለት መጠባበቂያ ቅጂ ማለት እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ስለ ቍጥጥር

ሒሳብ ያዥ ወይም ጸሐፊ ከሩቅ እንዲገባ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የራሱ ቁልፍ ይሰጠው እንጂ ሁሉም በባለቤቱ ቁልፍ አይግቡ። ሠራተኛው ከሥራ በለቀቀ ቀን ይፋዊ ቁልፉ ከበሩ ላይ ይነሣል። ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ስለ ሆነ፣ ለማን እስከ ምን ድረስ እንደ ተፈቀደ በጽሑፍ ማስፈር ባለቤቱንም ሠራተኛውንም ይጠብቃል። ከዚህም በላይ በመዝገቡ የሠፈረው የገበሬዎችና የደንበኞች ስም፣ የስልክ ቁጥርና ዕዳ የእነርሱም ጉዳይ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው እንዲህ ያለው መረጃ እንዲጠበቅ ነው።

የቤቱ ኮምፒዩተር ማን መቼ እንደ ገባ የሚጽፍበት የራሱ መዝገብ አለው። ይህ መዝገብ በሳምንት አንድ ጊዜ ይነበብ። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 የሚቈጥር፣ ቀኑም በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢው አይርሳ። 03፡10 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አገር አቈጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነው። የኮምፒዩተሩም ሰዓት በአዲስ አበባ ክልል ካልተስተካከለ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ሊያሳስት ይችላል። በር አንኳኩተው ያልገቡ ሰዎች ዝርዝር ቢበዛ አያስደንግጥ። ነገር ግን ባለቤቱ ተኝቶ በነበረበት ሰዓት የተሳካ መግቢያ ከተገኘ፣ የኔትወርኩ ገመድ ወዲያው ይነቀል፤ ምንም ነገር አይደምሰስ፤ ቁልፎቹ በሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ይለወጡ፤ ጉዳዩም ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ይገለጽ።

ንቁ ሆኖ መመልከት ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በኤስ.ኤስ.ኤች. ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ። ምክንያቱን ሲመረምር «ኤክስ.ዜድ.» በተባለው የሊኑክስ መሣሪያ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። አዲሶቹ ዕትሞች ወደ ተረጋጉት የሊኑክስ ዓይነቶች ገና አልደረሱም ነበርና አደጋው በጊዜው ተገታ። ስለዚህ ለንግድ ኮምፒዩተር ገና ያልተፈተነውን አዲስ ዕትም ከመሻማት ይልቅ የተረጋጋውን መያዝ፣ ለእርሱ የሚወጣውን የደኅንነት እድሳት ግን ሳይዘገዩ መጫን ተገቢ ነው።

ስለ ወጪውና ስለ ልምምዱ

ሊኑክስም፣ ኤስ.ኤስ.ኤች.ም፣ ዋየርጋርድም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ወጪው የዩ.ፒ.ኤስ. ዋጋ፣ ኮምፒዩተሩ ሌትና ቀን የሚፈጀው መብራት፣ የዳታ ክፍያና ካስፈለገ የመካከለኛው ሰርቨር ኪራይ ነው። ይህም በተሳሳተ ቍጥር ከተፈረመ አንድ ውል ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

ጅምሩ ግን በሥራ መካከል አይሁን። ከመከር በፊት፣ ንግዱ ቀዝቀዝ ባለበት ወር፣ በመጀመሪያ ከቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ በእጅ ስልክ ዳታ ከዲክሲስ ገበያ፣ ከዚያም ከአሰላ መሞከር መልካም ነው። በሙከራው ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሆን ተብሎ ከመብራት ይነቀልና ተመልሶ በራሱ ይነሣ እንደ ሆነ ይታይ። ይህን ሁሉ ያለፈ መስመር በመከር ወራት ይታመናል። ያን ጊዜ አዳማ ላይ ገዢው «በእጅዎ ያለው ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ነጋዴው ልጁን ከትምህርቱ ሳያስነሣ መዝገቡን ራሱ አይቶ «108 ኩንታል» ብሎ ይመልሳል፤ የሚፈርመውም በዚያው ልክ ይሆናል።